ከኅዳር በሽታ እስከ ፈንግል፦ ኢንፍሉዌንዛ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚሻገርበት ታሪክና የግራና ሸለቆ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ የቅዱስ ሚካኤል በዓል በሚውልበት ዕለት፣ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ነዋሪው የግቢውንና የመንደሩን ጥራጊ ሰብስቦ ያቃጥላል። ልማዱ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ተማሪዎች መነሻውን ሲጠይቁ የሚሰጣቸው መልስ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሕዝብ የፈጀውን ወረርሽኝ ለማስታወስ ነው የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ግማሽ መልስ ነው። ጭሱን እያየ የሚያድግ ልጅ በሽታው ከቆሻሻ የተነሣ፣ በጭስም የጠፋ ይመስለዋል። የኅዳር በሽታ ግን ኢንፍሉዌንዛ ነበረ፤ የኢንፍሉዌንዛም ጥንተ መገኛው ጥራጊ ሳይሆን ወፍ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ በሽታ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚሻገረው በምን በምን ምክንያት እንደ ሆነ የዓለምንና የአገራችንን ታሪክ አስተባብሮ ማሳየት፣ ከዚያም ምክንያቶቹን በአንድ የታወቀ ቦታ ላይ መመዘን ነው። የተመረጠው ቦታ በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ የሚገኘው ግራና ነው። ግራና የተመረጠው የተለየ አደጋ ስለ ደረሰበት አይደለም። የአብዛኛው የኢትዮጵያ ገጠር አኗኗር፣ ማለትም ሰው፣ ከብትና ዶሮ በአንድ ግቢ የሚኖሩበት፣ ገበያውም የደጋና የቆላ ሕዝብ የሚያገናኝበት ሁኔታ በዚያ በጉልህ ስለሚታይ ነው።

የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ በተቃረበበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1918፣ «የስፔን ጉንፋን» የተባለ ሕመም ዓለምን አዳረሰ። በስፔን ስም የተጠራው ከዚያ ስለ ተነሣ አልነበረም። ተዋጊዎቹ መንግሥታት የሠራዊታቸውን ድካም ላለማሳወቅ ጋዜጦቻቸውን ሲቆጣጠሩ፣ በጦርነቱ ያልገባችው የስፔን ጋዜጦች ወሬውን በግልጽ አተሙት። እውነቱን የተናገረው አገር የበሽታው ስም ተለጠፈበት ማለት ነው። አንባቢው ይህን ነጥብ በልቡ ያኑረው፤ ስለ ዶሮ ስንናገር ተመልሶ ይመጣልና።

በዚያ ወረርሽኝ በዓለም የሞተው ሰው እስከ 50 ሚሊዮን ይገመታል፤ ይህም በጦር ሜዳ ከወደቀው ይበልጣል። ሌላው የጉንፋን ዓይነት በአብዛኛው ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን የሚጎዳ ሲሆን ይኸኛው ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጎልማሳ አብዝቶ ፈጀ። አራሹ፣ ወታደሩና የልጆች እናት በጥቂት ቀናት ውስጥ እየታፈኑ ሞቱ።

ወደ ኢትዮጵያ በገባበት ጊዜ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ሁለት ዓመት ያህል ነበር። ቀድሞ ከባሕር ጠረፍ እስከ መናገሻው ከተማ በቅሎና ግመል ሳምንታት ይፈጅባቸው የነበረው መንገድ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ሆነ። በመንገድ ሳለ ታሞ ወይ ሊሞት፣ ወይ ሊድን ይችል የነበረው መንገደኛ፣ አሁን ሕመሙን በሰውነቱ እንደ ያዘ ከተማ የሚገባበት ዘመን መጣ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ከተማዋ ተመታች። ሐኪሙና ሆስፒታሉ እጅግ ጥቂት ነበረ፤ ከሐኪሞቹም የታመሙና የሞቱ ነበሩ። በአዲስ አበባ የሞተው ሕዝብ ወደ 10,000 እንደሚደርስ ይገመታል። ቀባሪ በመታጣቱ አስከሬን ሜዳ ላይ የወደቀበት፣ ጅብ የበላበትም ጊዜ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው በጽኑ ታመው መትረፋቸውን በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ባሳተሙት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ጠቅሰዋል።

ጥራጊውን ማቃጠልና አየሩን ማጠን ለበሽታው መድኃኒት ነው የሚለው አሳብ ከዚያ ጊዜ ጋር ተያይዞ ሲነገር ኖሯል። በዚህ አባቶቻችንን መተቸት ተገቢ አይመስለኝም። በዚያው ጊዜ በአውሮፓ የታወቁት ሊቃውንት እንኳ የበሽታው መነሻ ፋይፈር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ያገኘው ባክቴሪያ ነው ብለው በስሕተት መንገድ ይመራመሩ ነበር። ወረርሽኙ የበረደው ሊያዝ የሚችለው ሰው አብዛኛው ተይዞ ወይ ስለ ሞተ፣ ወይ ስለ ዳነ ነው። ጽዳቱ ለዝንብ፣ ለአይጥና ለተስቦ መከላከያ መልካም ሆኖ ሳለ ጭሱ ግን ከኢንፍሉዌንዛ ማንንም አላዳነም፤ ይልቁንም የታመመ ሳንባን ያውካል።

አንድ ነገር ከወዲሁ መለየት አለበት። በ1911 ዓ.ም. በሽታው ወደ እኛ የመጣው ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ነው፤ ከእንስሳ ወደ ሰው የተሻገረው ሌላ ስፍራና ቀደም ባለ ጊዜ ነበር። እንግዲህ መመርመር ያለበት ያ የመጀመሪያው መሻገር ነው።

አሳማው፣ ወፉና የበረዶው መቃብር

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1918 መጸው በአሜሪካ በአዮዋ ክፍለ ሀገር ከአንድ ትልቅ የአሳማ አርቢዎች ትርዒት በኋላ እልፍ አእላፍ አሳማዎች በትኩሳት፣ በሳልና በአፍንጫ ፈሳሽ ታመሙ። ጄ. ኤስ. ኮይን የተባለ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም በእርሻው ያለውን አሳማና በቤት ውስጥ ያለውን ቤተሰብ አስተያይቶ ሕመሙ አንድ ነው ሲል ጻፈ። አርቢዎቹ ተቆጡ፤ የአሳማ ሥጋ ገበያ ይወድቅብናል ብለው ነበርና። ኮይን ግን አሳቡን አልለወጠም። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ ሪቻርድ ሾፕ ከታመሙ አሳማዎች ቫይረሱን ለይቶ አወጣ። በ1933 ደግሞ ስሚዝ፣ አንድሩስና ሌይድሎው የተባሉ የእንግሊዝ ሊቃውንት ፌሬት በተባለች ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ እየሞከሩ የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ አገኙ። የሰውን ሕመም ምክንያት ፍለጋ የመራው ከአሳማ በረት የተጀመረው ምርመራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ይሁንና በ1918 አሳማ ሰውን ሳይሆን ሰው አሳማን እንደ ለከፈ የዛሬ ተመራማሪዎች ያምናሉ። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ክፍት ነው።

የ1918ቱ ቫይረስ ራሱ ምን ዓይነት እንደ ነበረ የታወቀው ከ80 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። በአላስካ ብሬቪግ ሚሽን በተባለች አንዲት የዳርቻ መንደር ከነበሩት 80 ጎልማሶች 72ቱ በአምስት ቀን ውስጥ ሞተው ዘወትር በማይቀልጥ በረዶማ መሬት ውስጥ ተቀብረው ነበር። ይህ የሆነው አዲስ አበባ ሙታኗን በምትቀብርበት በዚያው የኅዳር ወር ነው። ዮሃን ሁልቲን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 ሄዶ ሳይሳካለት ቀርቶ በ1997 በሽምግልናው ተመልሶ በመሄድ በበረዶ ከቆየ አስከሬን የሳንባ ናሙና አመጣ። ጄፍሪ ቶበንበርገርና ባልደረቦቹ ከዚህና ከሌሎች ተጠብቀው ከቆዩ ናሙናዎች የቫይረሱን የዘር ጽሕፈት በ2005 አንብበው ፈጸሙ። ስምንቱም የዘር ቁራጮቹ የወፍ ቫይረስ መልክ የያዙ ሆነው ተገኙ።

«ስምንት ቁራጭ» ያልነው ነገር ለመምህራን በሚገባ መብራራት ይኖርበታል። የብዙ ቫይረሶች የዘር ጽሕፈት እንደ አንድ ወጥ ገመድ ሲሆን የኢንፍሉዌንዛ ግን በስምንት የተቆረጠ ነው። ሁለት ልዩ ልዩ የኢንፍሉዌንዛ ዓይነቶች በአንድ ጊዜ አንድን ሕዋስ ቢይዙ ቁራጮቻቸው፣ የሁለት ሰዎች ካርታ በአንድ ላይ እንደሚበወዝ፣ ይደባለቃሉ። ከዚያም ከሁለቱም ወላጆቹ የማይመስል አዲስ ዓይነት ሊወለድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1957 ዓለምን የዞረው «የእስያ ጉንፋን» ሦስት ቁራጮችን፣ በ1968 የተነሣው «የሆንግ ኮንግ ጉንፋን» ደግሞ ሁለት ቁራጮችን ከወፍ የወሰዱ፣ የቀረውን ከሰው ቫይረስ የያዙ ነበሩ። የሰው ሰውነት እንዲህ ያለውን አዲስ መልክ ከዚህ ቀደም ስለማያውቀው መከላከያ የለውም።

መሻገሩ ግን ቀላል አይደለም፤ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን። የወፍ ኢንፍሉዌንዛ በወፎች አንጀትና መተንፈሻ የሚገኘውን የሕዋስ መቀበያ ለመያዝ የተስማማ ነው። በሰው ላይ እንዲህ ያለው መቀበያ በብዛት የሚገኘው በሳንባ ጥልቅ ክፍል ሲሆን በአፍንጫና በጉሮሮ ያለው ሌላ ዓይነት ነው። ስለዚህ ሰው ከዶሮ ሕመሙን የሚወስደው ብዙ ቫይረስ በቅርብ ወደ ውስጥ ሲስብ ነው፤ ከወሰደ ደግሞ ሕመሙ ሳንባ ላይ ስለሚወርድ ይበረታል፤ ወደ ሌላ ሰው ግን በቀላሉ አያስተላልፍም። የአሳማ መተንፈሻ ሁለቱንም ዓይነት መቀበያ ስለ ያዘ የወፍና የሰው ቫይረስ የሚገናኙበት ማዋሐጃ ሊሆን ይችላል ተብሎ በሰፊው ተጽፏል።

ሰው እንዴት ተለከፈ?

የወፍ ቫይረስ በቀጥታ ሰውን ገድሎ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1997 በሆንግ ኮንግ ነው። ኤች 5 ኤን 1 የተባለው ዓይነት 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን ገደለ። መንግሥት በከተማዋ ያሉትን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች በጥቂት ቀናት አስፈጀ፤ ሕመሙም ለጊዜው ቆመ። ከ2003 ወዲህ ግን ቫይረሱ በእስያ፣ በአውሮፓና በአፍሪካ ተስፋፍቶ ከ900 በላይ ሰዎች እንደ ተያዙ፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ እንደ ሞቱ ተመዝግቧል።

ከነዚህ አገሮች ታሪክ የምናገኛቸው ምክንያቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። በታይላንድ ዋናው ነገር ዳክዬ ነበረ። ከአጨዳ በኋላ በሩዝ ማሳ እየተለቀቀ የሚቀለበው የዳክዬ መንጋ ቫይረሱን ሳይታመም ተሸክሞ ከማሳ ወደ ማሳ ያደርሰው ነበር። በቻይና እ.ኤ.አ. በ2013 የተነሣው ኤች 7 ኤን 9 ደግሞ ዶሮዎችን ምንም ሳያሳምም ሰዎችን ገደለ፤ በሻንጋይና በሌሎች ከተሞች የነፍስ ያለው ዶሮ ገበያ ሲዘጋ ግን የሕሙማኑ ቁጥር ወዲያው ወረደ። የሰውና የዶሮ መገናኛው ገበያው እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው የግብፅ ነው። በግብፅ ከ350 በላይ ሰዎች ተይዘዋል፤ ከእነርሱም ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት ብዙ ናቸው። በግቢና በቤት ጣሪያ ላይ ዶሮ የሚያረቡ፣ የታመመውን የሚያርዱና ላባ የሚነጩ እነርሱ ስለ ሆኑ ነው። መንግሥት የታመመ ዶሮ ያለበት ሰፈር ሁሉ ይፈጅ ብሎ ሲያዝ ብዙ እናቶች ዶሮዎቻቸውን ከግቢ ወደ መኝታ ቤት አስገቡ። አደጋውን ለማራቅ የታሰበው ትእዛዝ አደጋውን አልጋ ሥር አመጣው። በ2009 ደግሞ ከአሳማ ዘር የተወለደው ኤች 1 ኤን 1 በሜክሲኮ ሲነሣ ይኸው መንግሥት በአገሩ ያሉትን አሳማዎች በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አስፈጀ። በሽታው ግን በዚያን ጊዜ ከሰው ወደ ሰው በአውሮፕላን ይጓዝ ስለ ነበር ምንም አላገዳቸውም። በኢትዮጵያም የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በሰኔ 2001 ዓ.ም. የተገኙት ከአሜሪካ ከተመለሱ መንገደኞች መካከል ነው።

ከሰሞኑ ታሪክ አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በአሜሪካ በቴክሳስና በካንሳስ የወተት ላሞች ላይ ኤች 5 ኤን 1 ተገኘ። ከብት የዚህ ዓይነት ኢንፍሉዌንዛ አይይዘውም ሲባል የኖረው ሁሉ ተገለበጠ። ቫይረሱ በወተት ውስጥ በብዛት ተገኘ፤ ያልተፈላ ወተት የጠጡ የእርሻ ድመቶች ሞቱ፤ ላም የሚያልቡ ሠራተኞችም ዓይናቸው ቀላ። ወተቱ ሲሞቅ ቫይረሱ ይሞታል። ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ ከብት ያለባት፣ ጥሬ ወተትም ልማድ የሆነባት ኢትዮጵያ ይህን ወሬ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ብቻ ልትሰማው አይገባም።

ግራና በዚህ ሚዛን

ሀብሩ ወረዳ በሰሜን በአላውሃ ወንዝ፣ በደቡብ በሚሌ ወንዝ የሚወሰን፣ በምሥራቅ ከአፋር የሚዋሰን፣ በምዕራብ ወደ ጉባ ላፍቶ ከፍታ የሚወጣ አገር ነው። ከተማው መርሳ ነው፤ ዋናው የደሴና የወልድያ መንገድም በዚያ ያልፋል። የግራና ስም ከወረዳው ውጭ የታወቀው በ1990ዎቹ ዓ.ም. በተጀመረው የቆቦ-ግራና ሸለቆ ልማት ሥራ ምክንያት ነው። ማሽላና ጤፍ በዝናብ ብቻ ይዘራበት በነበረው ሸለቆ መስኖ እየተስፋፋ፣ ሽንኩርትና ፍራፍሬም ለገበያ እየተመረተ መጥቷል።

በመጀመሪያ የሌለውን እንቁጠር። አሳማ የለም። በሀብሩ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ይኖራሉ፤ ሁለቱም አሳማ አይበሉም፤ ስለዚህ በሌላ ዓለም ትልቅ ስጋት የሆነው የአሳማ በረት እዚህ ቦታ የለውም። የቤት ዳክዬም እንደዚሁ የለም ማለት ይቻላል። የሃይማኖት ሥርዓትና የገበሬው ልማድ ሳይታሰብ ሁለት በሮችን ዘግተውልናል። ከሌላ አገር የተዘጋጀን መመሪያ ቃል በቃል ወደ እኛ ማሸጋገር የማይገባው ስለዚህ ነው። ለግራና ገበሬ ስለ አሳማ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው።

ያለው ዶሮ ነው። የኢትዮጵያ የዶሮ ብዛት በቅርብ ዓመታት በተደረጉት የግብርና ናሙና ጥናቶች ከ50 እስከ 60 ሚሊዮን ሲሆን አብዛኛው የአገር ዝርያ፣ በየቤቱም በጥቂት በጥቂቱ የሚረባ ነው። ቀን በግቢ ይለቀማል፤ ማታ ከሸለምጥማጥ እንዲድን ቤት ገብቶ ቆጥ ላይ ያድራል። ቆጡ ባለበት ቤት ውስጥ ሕፃናት ይተኛሉ፤ እሳትም ይነድዳል። ጧት ኩሱን ጠርጋ የምታወጣው እናት ወይም ልጅ ናት። ዶሮው የእርሷ ነው፤ የእንቁላሉ ገንዘብ ጨው፣ ሳሙናና የልጅ ደብተር ይገዛል። በዓል ሲደርስ ወንዱ ያርዳል፤ ሴቷ በሙቅ ውኃ ነክራ ትነጫለች፣ ትገነጣጥላለች፣ በጨውና በሎሚ ደጋግማ ታጥባለች። ወጡ እሳት ላይ ረዥም ሰዓት ስለሚቆይ በመብላት የሚመጣ አደጋ የለም። አደጋው ከመብሰሉ በፊት፣ በመነጨቱና ሆድ ዕቃውን በማውጣቱ ላይ ነው፤ የግብፅም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል።

ሁለተኛው ነገር ውኃ ነው። የአውሮፓና የእስያ ክረምት ሲገባ የዱር ዳክዬዎችና ሌሎች የውኃ ወፎች ወደ ደቡብ ይፈልሳሉ፤ ከእነርሱም በርካታዎቹ በስምጥ ሸለቆና በደጋ ሐይቆቻችን ይከርማሉ። ከሀብሩ በስተ ደቡብ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት ሐይቅና ጎረቤቱ አርዲቦ ለወሎ ሰው የታወቁ ናቸው። ኢንፍሉዌንዛ በውኃ ወፎች አንጀት ስለሚኖር ከኩሳቸው ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል። መስኖና ኩሬ በተስፋፋበት ሸለቆ የውኃ ወፍ ማረፉ፣ ዶሮም ከዚያው ጠርዝ መጠጣቱ አይቀርም። ይህ መስኖን የሚያስጠላ ነገር አይደለም፤ ረሃብን በተደጋጋሚ ያየ አገር ውኃን አይንቅም። ነገር ግን የውኃ ማቆሪያ የሚሠራው መሐንዲስና ስለ ዶሮ የሚያስበው የእንስሳት ሐኪም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ዋጋው ትንሽ ነው።

ሦስተኛው ገበያ ነው። ለዘመን መለወጫ፣ ለገናና ለፋሲካ ነጋዴዎች ከየገጠሩ ገበያ ዶሮ እየለቀሙ ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ፣ ከዚያም አልፎ ወደ አዲስ አበባ ይጭናሉ። እግሩ ታስሮ ከአሥር መንደር የመጣ ዶሮ በአንድ ቅርጫት ይታጨቃል። ያልተሸጠው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከገበያ የያዘውንም ይዞ ይገባል። ከአፋር ወገን የሚመጣው ግመል በዚህ ጉዳይ ብዙም አይነካንም። ግመል የሚታማበት ሜርስ የተባለው የመተንፈሻ ሕመም ከሌላ የቫይረስ ቤተሰብ ነውና መምህራን ሁለቱን እንዳያደባልቁ አሳስባለሁ።

ፈንግልና ዝምታው

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ በብዙ አገር ያሉ ናቸው። በእኔ አስተያየት የግራናና የመላው ገጠራችን ልዩ አደጋ ሌላ ነው፤ እርሱም ፈንግል ነው። ፈንግል በሌላው ዓለም ኒውካስል በሚባል ስም የሚታወቅ የዶሮ በሽታ ነው። ኢንፍሉዌንዛ አይደለም፤ ሰውንም ከዓይን መቅላት በቀር ብዙ አይጎዳም። ሆኖም በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንድን መንደር ዶሮ ጠርጎ ሊጨርስ ይችላል። ዶሮው ይደበታል፣ ክንፉን ይጥላል፣ አረንጓዴ ያስቀምጠዋል፣ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ይሞታል። ገዳዩ የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ሲመጣም የሚታየው ከዚህ እምብዛም አይለይም። ያለ ቤተ ሙከራ ሊለያቸው የሚችል ሐኪም የለም።

ገበሬው ፈንግልን ከአያቱ ጀምሮ ያውቀዋል። መንደር ውስጥ ዶሮ ሲያልቅ «ፈንግል ገባ» ይባልና ነገሩ በዚያ ያበቃል። የቀረው እንዳይሞትበት የቸኮለ ሰው ያልታመመ የመሰለውን ገበያ ያወጣል፤ የደከመውን አርዶ ይበላል፤ የሞተውን ልጅ አንጠልጥሎ ወንዝ ዳር ይጥለዋል። ሕዝባችን አባ ሰንጋ ከበሬ፣ የእብደት በሽታ ከውሻ ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የአባ ሰንጋ ሥጋ ከበላ ጎረቤቱ ይሸሻል። ጉንፋንን ግን ከብርድና ከነፋስ ጋር እንጂ ከቆጥ ጋር አያገናኘውም። የሟች ዶሮ ወሬ ከመንደር የማይወጣው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ የታወቀ ነገር ስለ ሆነ፣ ሁለተኛ ደግሞ ቢወራ የሚጠቀም ስለሌለ። የስፔንን ነገር እናስታውስ፤ ቀድሞ የተናገረ ይጎዳል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ የ1998 ዓ.ም. ልምዳችን ያሳያል። በዚያ ዓመት አጋማሽ ኤች 5 ኤን 1 ወደ ናይጄሪያና ወደ ግብፅ፣ ቀጥሎም ወደ ሱዳን ገባ። በሚያዝያ ወር በጅቡቲ፣ ያ የ1911 ዓ.ም. ባቡር በሚነሣበት አገር፣ አንዲት ሕፃን ታመመች፤ ቫይረሱም ተረጋገጠ። በእኛ አገር በጉራጌ በሚገኘው የጉብሬ የዶሮ ብዜት ማዕከል በሺህ የሚቆጠሩ ዶሮዎች ሲሞቱ ናሙናው ውጭ አገር ቤተ ሙከራ ድረስ ተልኮ የወፍ ጉንፋን እንዳልሆነ ታወቀ። ነገር ግን ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ወሬው ገበያውን ገድሎት ነበር። የከተማ ሰው ዶሮና እንቁላል መግዛት ተወ፤ ዋጋውም ወደቀ። በሽታው ሳይገባ ጉዳቱ ገባ፤ የተጎዱትም ደብተር በእንቁላል የሚገዙት እናቶች ነበሩ። ለዕቅድ አውጪዎች ሌላም ትምህርት አለው። የብዜት ማዕከል አንድ ቦታ ሆኖ ጫጩትና ቄብ ለብዙ ወረዳ ያከፋፍላል፤ ወሎም የኮምቦልቻ ማዕከል አለው። ከማዕከል የሚወጣው መልካም ዝርያ በደረሰበት ሁሉ በሽታም ሊደርስ ስለሚችል ከማከፋፈሉ በፊት የሚደረገው ምርመራ የዕቅዱ አካል እንጂ ትርፍ ወጪ አይደለም።

በአገራችን የኢንፍሉዌንዛ ክትትል በተመረጡ ጤና ተቋማት የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሥራው የተመሰገነ ነው፤ ግን የሚጀምረው ሰው ሲታመም ነው። ዶሮ ከሰው ቀድሞ ይሞታል። በመርሳም ሆነ በግራና ከሰው ሕመም በፊት የዶሮውን ሞት ሊሰማ የሚችለው ማን ነው ቢባል መምህሩ ነው። አርባ ልጆች ከአርባ ቤት በየጧቱ ፊቱ ይቀመጣሉ። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ በቤታችሁ ስንት ዶሮ አለ፣ በዚህ ሳምንት ስንት ሞተ፣ የሞተውስ የት ተጣለ ብሎ ጠይቆ በሠንጠረዥ ማስፈር ለሒሳብም ለሳይንስም ትምህርት ይሆናል፤ ቁጥሩ በድንገት ከፍ ሲል ለወረዳው እንስሳት ሐኪም የሚደርስ ማስታወሻም ይሆናል። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የሞተ ዶሮን በእጅ አለመንካትና ጠልቆ መቅበር፣ የታመመውን አለማረድ፣ ቆጡን ከመኝታው በግድግዳም ቢሆን መለየት ከዚሁ ትምህርት ጋር የሚሄዱ ናቸው። ነገር ግን ዶሮው የሞተበት ልጅ በክፍል ፊት እንዳያፍር፣ ቤተሰቡም ለመናገሩ ካሣ እንጂ ቅጣት እንዳያገኝ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያለዚያ ሠንጠረዡ በሁለተኛው ሳምንት ባዶ ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ግን ፈንግልን ራሱን መቀነስ ያስፈልጋል። ፈንግል በየዓመቱ በሚገድልበት መንደር የዶሮ ሞት ወሬ አይሆንም፤ ፈንግል በጠፋበት መንደር ግን ሃያ ዶሮ በአንድ ሌሊት ቢሞት ሁሉም ይደነግጣል፣ ሐኪምም ይጠራል። ለዚህ የሚሆነው ክትባት በአገር ውስጥ፣ በቢሾፍቱ ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ሙቀትን በተሻለ የሚቋቋመውና አይ-2 የተባለው ዓይነት በዓይን አንዲት ጠብታ ይበቃዋል፤ መርፌ አያስፈልገውም፤ የተማረ ወጣት በአንድ ቀን ሥልጠና ሊሰጠው ይችላል። ችግሩ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተሰናዳ፣ ከተከፈተም በኋላ ብዙ የማይቆይ መሆኑ ነው፤ አምስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ልትገዛው አትችልም። ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ፣ ዶሮዎቹ ገና ከቆጥ ሳይወርዱ፣ በአንድ ማለዳ መከተብ አለባቸው። ቀኑን መወሰን፣ ቤቶቹን መቁጠርና ብልቃጡን ማዳረስ የቀበሌው ሥራ ሲሆን የትኛው ቤት ስንት ዶሮ እንዳለው የሚያሳየው ዝርዝር ግን በመምህሩ መዝገብ ውስጥ ይገኛል።